አያ ቆሞ፣ ወራጅ አለ

መጋቢት 3

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ ልልሽ ብዕሬን አነሣሁና አፈርኩ። «ከረምሽ» የሚባለው ለአንድ ክረምት ነው፤ የኛ አሥራ አንድ ሆነ። ስለዚህ ሰላምታዬን እንዲያው እንደ ሰላምታ ተቀበይኝ፤ ውስጡን አትፈትሺው።

እኔ ደህና ነኝ። ፀጉር ቤቱም ደህና ነው፤ ያው አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ እኔ። ቤቱም እንዳለ አለ። የእናታችን ክፍል መስኮት ተሰንጥቆ ነበር፣ አስቀይሬዋለሁ። የበሩ ማጠፊያም ይጮህ ነበር፣ ዘይት አጠጥቼው ዝም ብሏል።

የጻፍኩልሽ አንድ ነገር ለማሳወቅ ነው። አያ ቆሞ ወደቀ።

ቀልድ እንዳይመስልሽ። ያ ማንም ሳይጠርበው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ሽማግሌ መስሎ ኮረብታው ጫፍ ላይ የኖረው ድንጋይ የለም። አሁን ኮረብታው እንደማንኛውም ኮረብታ ነው።

እናታችንን ቀብረን በተመለስን ማግስት፣ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ የተናገርሽውን የሰማሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። «አያ ቆሞ ሳይወድቅ እግሬ ይህን ቤት አይረግጥም!» ነው ያልሽው። እዚህ ሰው «በጭራሽ» ማለት ሲፈልግ እንዴት እንደሚናገር አልረሳሽውም መቼም። እምቢተኛዋ ሴት ጠያቂዋን «አያ ቆሞ ሲወድቅ አገባሃለሁ» ትለዋለች፤ ሰነፉም «አያ ቆሞ ሲወድቅ ሥራ እይዛለሁ» ይላል። ያን ቀን አንቺም «በጭራሽ» ማለትሽ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ማንም ይወድቃል ብሎ የማለ የለም።

እንግዲህ ወድቋል። ለማሳወቅ ያህል ነው። ምንም አልጠየቅኩሽም።

ወንድምሽ


መጋቢት 19

ለማሙሽ፣

ጢምህ ሸብቶ ይሆናል፤ ለኔ ግን ያው ማሙሽ ነህ፣ ቻለው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። በሆስፒታሉ ልብስ ክፍል አድራሻ መላክህ ደግ አደረግክ፤ ከዚህ ሌላ እገኝበታለሁ የምለው ቦታ የለኝም። ባልደረቦቼ ከማን ነው ብለው ሲጠይቁኝ «ከወንድሜ» አልኩ። «ወንድም አለሽ እንዴ?» አሉኝ። ደብዳቤህን ኪሴ ከትቼ ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ።

ጤናዬን ባትጠይቀኝም ልንገርህ፤ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የለብኝም። ሥራዬም ያው ነው። ጠዋት የታጠበው አንሶላ በጋሪ ይመጣልኛል። ቀዳዳውን እደፍናለሁ፣ የተተረተረ ጠርዙን በስፌት መኪና እመታለሁ፤ አንሶላነቱ ያበቃለትን ቆርጬ የትራስ ልብስ አደርገዋለሁ፤ ለትራስም የማይሆነው ወለል መወልወያ ይሆናል። እዚህ አንሶላ እንኳ በማዕረግ ነው የሚያረጀው።

አሁን ወደ ነገርህ። ወደቀ አልክ። ምኑ ነው የወደቀው? ራሱ ነው? ትከሻው ነው? ወይስ ከነወገቡ? ድንጋይ ግማሹ ወድቆ ግማሹ ሊቀር ይችላል። እኔ «ሳይወድቅ» አልኩ እንጂ «ሳይሸረፍ» አላልኩም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አንዴ ተናግሬያለሁና የተናገርኩትን በልኩ ማወቅ አለብኝ።

ደግሞ አልቅሺለት እንዳትለኝ። ሰው ሁሉ ያንን ድንጋይ ሲወድ እኔ ብቻዬን ጠልቼዋለሁ፤ ለምን እንደጠላሁትም ታውቃለህ።

ቀኑን ደግሞ አልጻፍክም። መቼ ነው የወደቀው? ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን መልስልኝ።

እህትህ


ሚያዝያ 2

ለእትዬ፣

እንደ ዳኛ ነው የጻፍሽልኝ። ደስ አለኝ። ብትለሰልሺልኝ ኖሮ ሌላ ሰው አጽፈሽ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ በተጠየቅኩት መሠረት። ራሱም፣ ትከሻውም፣ ወገቡም ወድቋል። የቀረው እግሩ ብቻ ነው፤ እሱም ቁጭ ብለሽ የጫማሽን ክር የምታስሪበት የሚያህል ጉቶ ነው። እንዳልዋሽሽ ብዬ ትናንት ኮረብታውን ወጥቼ ተቀምጬበት አየሁት። በየትኛውም ሚዛን ወድቋል።

አወዳደቁን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬ ሲወድቅ አላየሁትም። መምህሩን እየላጨሁ ነበር፤ እኒያ አንቺንም ሒሳብ ያስተማሩሽ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው መስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ ፊቱን፣ ከኋላው በሩን፣ ከበሩ ማዶ የአውቶቡስ ፌርማታውን፣ ከፌርማታው በላይ ደግሞ አያ ቆሞን እንደሚያይ ታስታውሻለሽ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አገጫቸው ላይ ነኝ። «እ!» አሉ። «አይንቀሳቀሱ፣ ምላጭ ይዣለሁ» አልኳቸው። «ኧረ እ…» «አፍዎን ይዝጉ እንጂ መምህር!» ዘጉ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ መኪና ኮረት ሲያራግፍ እንደሚሰማው ያለ፣ ግን ረዘም ያለ። ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ሰማይ ብቻ ነው ያለው። መምህሩ ሳሙናው ፊታቸው ላይ እንዳለ አለቀሱ። ጨርሼ ላጨኋቸው፤ ምን ላድርግ፣ ግማሽ ጢም ይዘው አይወጡ።

ሰዉ ግራ ገብቶታል። እሱ ራሱ ላይ ደመና ሲደፋ «አያ ቆሞ ባርኔጣ አደረገ» ብለን ልብስ የምናስገባው ነገር አለ አይደል? አሁን ዝናብ እንደሚመጣ የሚነግረን የለም፤ ሠፈሩ ሁሉ ልብሱን እያስመታ ነው። ግንበኛው ከፍርስራሹ ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ ልውሰድ ብሎ ሲጠይቅ በዱላ አባረሩት። በማግስቱ ግን ያባረሩት ሰዎች ራሳቸው አንድ አንድ ጠጠር በኪሳቸው ይዘው ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። እኔ አልወሰድኩም።

ደግሞ ዳቦ ጋጋሪው። ጥግ ላይ ያለችው መድኃኒት ሻጭ፣ ስንት ዘመን ሲለምናት «አያ ቆሞ ሲወድቅ» እያለች የመለሰችው ሰውዬ። በወደቀ ማግስት ጠዋት መጥቶ «አሳምረህ ላጨኝ» አለኝ። ላጨሁት። በቀጥታ ሄዶ ሱቋን አንኳኳ። እስካሁን አላገባችውም፤ በሩን ግን አልዘጋችበትም።

የአውቶቡሱ ረዳት እስከ ዛሬ «አያ ቆሞ፣ ወራጅ አለ?» እያለ ይጣራል። ወራጁም «አለ!» ይላል። ወርዶ ቀና ሲል ነው ፊቱ የሚለወጠው።

ቀኑን ጠይቀሽኛል። በክረምቱ ነው። ዝናቡ ሥሩን በልቶት ኖሯል ይላሉ።

ጉልበትሽን በሞቀ ውሃ ያዢው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 20

ማሙሽ፣

በክረምቱ!

የቱ ክረምት? አሁን እኮ ሚያዝያ ነው። ዳቦ ጋጋሪውን፣ መምህሩን፣ ግንበኛውን ዘርዝረህ፣ የጠየቅኩህን አንድ ነገር ከደብዳቤው ጭራ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ጣል አድርገህ አለፍክ። እኔ ልንገርህ፤ ሐምሌ ነው። ዐውቃለሁ። አንተ ሳትጽፍልኝ ገና ዐውቅ ነበር።

አንድ ታካሚ ትቶት የሄደው ጋዜጣ ከአንሶላው ጋር ተጠቅልሎ መጣልኝ። ፎቶግራፉን ከላይ አያ ቆሞ ቆሞ፣ ከታች ባዶውን ኮረብታ አድርገው አውጥተውታል። ጽሑፉን ሳላነብ ነው ያወቅኩት። የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ እግሬን ረስቼው የትራሱን ልብስ አፍ ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁት። ትራስ የማይገባበት የትራስ ልብስ! አለቃዬ አንሥታ አየችውና «ምነው?» አለችኝ። «አንድ ሽማግሌ ሞተብኝ» አልኳት። የጠላሁት ድንጋይ ነው፤ ሲወድቅ ደስ ይለኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። አለቀስኩ ማሙሽ። ለምን እንደሆነ እንጃ። እናታችን «ባርኔጣ አድርጓል፣ ልብስ አስገቡ» ስትል ድምፅዋ መጣብኝ።

ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ተሰጠኝ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ ላንተ ደግሞ ከደህና አንሶላ የሰፋሁት ነጭ መጎናጸፊያ፣ ሰው ስትቆርጥ አንገቱ ላይ የምታስርለት፣ አጥፌ ከተትኩ። ከዚያ ደብዳቤህን ጠበቅኩ። በሩ ላይ ቆሜ የማልኩት እኔ ነኝ፤ «ግቢ» የሚለው ግን ቤት ያለው ሰው ነው። ሳልጠራ እንዴት ልምጣ? ነሐሴን ጠበቅኩ። መስከረምን ጠበቅኩ። ፈቃዱ አለፈ። ብርድ ሲገባ ሹራቡን ከሻንጣው አውጥቼ ለበስኩት፤ ቀጥሎ ቀሚሶቹን። መጎናጸፊያው ብቻውን ቀረ።

ስምንት ወር ሙሉ ብዕር አጣህ?

ስለ እናታችን ቂም ይዘህ ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ። እኔ ይዣለሁ፣ አልደብቅህም። ስትታመም የሆስፒታላችንን ሲስተር ለምኜ፣ ደጅ ጠንቼ፣ መስኮት አጠገብ ያለውን አልጋ አስይዤላት ነበር። አንሶላውን በእጄ ነው ያነጠፍኩት። አንተ ግን «እናቴ አያ ቆሞን ትቼ የትም አልሄድም ብላለች» ብለህ ጻፍክልኝ። ለድንጋይ ብላ ቀረች፤ አንተም እሺ አልካት። ያ አልጋ ዛሬም አለ። ሌላ ሰው ተኝቶበታል። አንሶላው ሲቀደድ የምሰፋው እኔ ነኝ።

መልስልኝ። ስለ ዳቦ ጋጋሪ አይደለም የምጠይቅህ።

እህትህ


ግንቦት 8

እትዬ፣

ፈራሁ።

ይህን ቃል ጽፌ ተቀመጥኩ። ደንበኛ መጣ፣ ቆረጥኩት፣ ሄደ። ሌላም መጣ። ቃሉ ወረቀቱ ላይ እንዳለ አለ፤ እንግዲህ ልቀጥል።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው «እህትህ ምነው ቀረች?» ሲለኝ በምላጬ ወደ ኮረብታው እያመለከትኩ «እሱን ጠይቁት» እላለሁ፤ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆንም ለራሴ የምሰጠው መልስ እሱው ነበር። የማትመጪው በኔ አይደለም፣ በእሱ ነው። እናታችን ስለወደደችው ብቻ አልወደድኩትም እትዬ፤ የኔን ሸክም ይዞልኝ ስለቆመም ነው።

ሲወድቅ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አሁን ትመጣለች» የሚል ነበር። መምህሩን ሳሙናቸውን ጠርጌ ሳልጨርስ ሁለተኛው ተከተለ፤ «ባትመጣስ?» ብጽፍልሽና ብትቀሪ ከዚያ በኋላ የማመለክተው ኮረብታ የለኝም። ያን ጊዜ የቀረሽው በኔ ይሆናል። ካልጻፍኩልሽ ግን እምቢ አላልሽኝም። ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ይኸው መጋቢት ደረሰ። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ሌሊት ነው የበቃው። ፊቱን የላጨሁት እኔ፣ ወንድ የሆነው እሱ።

ብቻዬን ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ፀጉር ቆራጭ ሲባል ሰው የማይለየው ነው የሚመስለው። የሰው ወሬ ቀኑን ሙሉ በጆሮዬ ይገባል፤ ማታ በሩን ስዘጋ ግን ለኔ የተባለ አንድ ቃል አላገኝም። ጠዋት በር ስከፍት «እንደምን አደርክ አያ ቆሞ» እለው ነበር። አሁንም አፌ ለምዶ እላለሁ፤ ከዚያ ትዝ ይለኝና ወደ ጎን አያለሁ፣ ሰው ሰምቶኝ ይሆን እያልኩ።

ስለ እናታችን ቂም የለኝም። ግን ተሳስቻለሁም አልልሽም። «የማላውቀውን ጣራ እያየሁ አልሞትም» አለችኝ። ትራሷን ከፍ አድርጌ ወደ መስኮቱ አዞርኳት፤ እያየችው ነው ያለፈችው። ዛሬም ተነሥታ ብትለኝ እሺ እላታለሁ። አንቺም ዛሬ ብትሆኚ አልጋውን ታስይዢላታለሽ። ሁለታችንም የእሷ ልጆች ነን፤ እልኩን ከየት አመጣነው?

አንድ ነገር ደግሞ ከወሬ ሳትሰሚው። ማዘጋጃ ቤቱ አያ ቆሞን በሲሚንቶ መልሶ ሊያቆመው አስቧል። ሥዕሉን አይቻለሁ፤ ቀለም ይቀባል፣ ሥሩም አበባ ይተከልበታል። በሰኔ ለስብሰባ ተጠርተናል።

ተቆጪኝ። ዝም አትበዪኝ ብቻ።

ወንድምሽ


ሰኔ 4

ማሙሽ፣

ከዚያ ወዲህ የላክኸው አጭር ወረቀትም ደርሶኛል። የለም፣ ታምሜ አይደለም የዘገየሁት፤ ተቆጥቼም አይደለም። ደብዳቤህን ደጋግሜ እያነበብኩ ነው። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ፤ ሁለተኛ ሳነበው አንጀቴን በላኸው።

በወረቀቱ ላይ «ማወቁን ካወቅሽ፣ ለምን ዝም ብለሽ አልመጣሽም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ልክ ነህ፣ ተራው የኔ ነው። መጥቼ ነበር። ያን ጊዜ አይደለም፤ ድንጋዩ ገና ቆሞ ሳለ ነው። ሦስት ዓመት ይሆነዋል።

የክፍሌ ግድግዳ ስስ ነው። ከማዶው ያሉት ጎረቤቶቼ ሬዲዮ ሲያዳምጡ ይሰማኛል። አንድ እሑድ አንድ ነገር ተነገረና እነሱ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ያቺ ከግድግዳው ማዶ ከእኔ ጋር የምትስቅ ሴት ስሜን እንኳ እንደማታውቀው አሰብኩ። ሰኞ ሥራ አልገባሁም፤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ረዳቱ «አያ ቆሞ፣ ወራጅ አለ?» አለ። «አለ!» አልኩ። ወረድኩና ቀና አልኩ። ቆሟል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ምን ብለሽ ነበር አንቺ ልጅ?» የሚለኝ መሰለኝ። እግሬ እንቢ አለኝ። ፌርማታው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥኩ። የፀጉር ቤትህ በር ክፍት ነበር፣ ጀርባህ ታየኝ። አንድ ሰው ላይ ጎንበስ ብለህ ትላጫለህ። አናትህ ላይ ፀጉርህ ሳስቷል፣ ከኋላም ተንጨፍርሯል። ለፀጉር ቆራጭ ማን ይቆርጥለታል ብዬ አሰብኩ። ብትዞር እገባ ነበር ማሙሽ። መሐላዬን ጥሼ፣ የሚመጣውን ችዬ እገባ ነበር። አልዞርክም። የመልሱ አውቶቡስ መጣ፣ ተሳፈርኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ አፋፉ ላይ ደርሼ ቁጭ ብዬ ነው የተመለስኩት። ከዚያ ወዲህ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን አንተንም ተቀየምኩህ፤ ባልሠራኸው ጥፋት፣ ባለመዞርህ።

ስለዚህ ጋዜጣውን ሳይ ለምን እንዳልመጣሁ ገባህ? አንድ ጊዜ ሳልጠራ መጥቼ አይቼዋለሁ። ሁለተኛ አልችልም ነበር።

ሲሚንቶውን ምን ብለው ወሰኑ? አትሳቅብኝና ይህ ነገር ያሳስበኛል። አቁመው ስሙንም አያ ቆሞ ካሉት እኔ የት ልቆም ነው? ያን ጊዜ ደግሞ ሲሚንቶ እስኪወድቅ ልጠብቅ? ሲሚንቶ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል።

በሐምሌ ፈቃድ ይሰጡኛል። ገና አልጠየቅኩም። ጠይቂ በለኝ።

እህትህ


ሰኔ 18

እትዬ፣

ጠይቂ። ነዪ። ቤቱ ቤትሽ ነው። ይህን ከሁሉ በፊት የጻፍኩት እንዳላድበሰብሰው ነው።

ያን ሰኞ ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። ፌርማታው መስታወቱ ውስጥ ይታያል፤ ቀና ብል ኖሮ አይሽ ነበር። «አዎ፣ አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት አይቼ እናታችንን መሰለችኝ፣ ስዞር ግን አውቶቡሱ ሄዷል» ብዬ መጻፍ ጀመርኩልሽ። አምሮ ነበር። ከዚያ ቀደድኩት። ልዋሽሽ አልፈልግም። አላየሁሽም። የሰው አገጭ እያየሁ ነበር። አያ ቆሞም ያመለጠኝ፣ አንቺም ያመለጥሽኝ በአንድ ነገር ነው፤ በአገጭ። ሰው ለእንጀራው ሲል ያጎነብሳል ይባላል፤ ይህን ያህል ማጎንበስ ግን አያስፈልግም ነበር።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ወንበሩን ፈትቼ አዞርኩት። አሁን ስላጭ ፊቴ ወደ መንገዱ ነው። ደንበኞቼ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው ስለሚቀመጡ «ምን እየሠራኸን እንደሆነ በምን እንይ?» እያሉ ያጉረመርማሉ። እመኑኝ እላቸዋለሁ።

ወደ ስብሰባው ልምጣ። ሰብሳቢው ስለ ሲሚንቶው ረጅም ንግግር አደረገ። «የምትደግፉ» ሲል የአዳራሹ እጅ ሁሉ ወጣ። «የምትቃወሙ» ሲል የኔ ብቻ። ምክንያትህን አስረዳ አሉኝ። ተነሣሁ። ስለ ተፈጥሮ፣ ስለ ውበት ልናገር አስቤ መጥቼ ነበር፤ ወረቀትም ይዤ ነበር። አፌ ግን «እህቴ ልትመጣ ነው» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። መሐላሽን የማያውቅ የለም እኮ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው በዚያን ቀን ደጃችን ነበር። ከዚያ መምህሩ የደገፉበትን እጅ «መልሻለሁ» አሉ። ዳቦ ጋጋሪውም ተነሥቶ «ኧረ የኔም ጉዳይ ገና አላለቀም፣ ድንጋዩን ባትመልሱብኝ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ መድኃኒት ሻጯ ፊቷን በመሐረብ ሸፈነች። ሰብሳቢው ክረምቱ ይለፍና እናያለን ብሎ ዘጋው። ስለዚህ ክረምቱ የኛ ነው።

አንድ ችግር ብቻ አለ። የድሮው ረዳት ሥራ ለቀቀ። አዲሱ ለመንገዱ እንግዳ ነው፣ ስሙንም አይጠራም። ሹፌሮቹም ከድሮ ጀምሮ ፍሬን የሚይዙት አያ ቆሞ ሲታያቸው ነበር፤ አሁን ምንም ስለማይታያቸው ካልጮኹባቸው ያልፋሉ። ባለፈው ሳምንት መምህሩን ሁለት ፌርማታ አሳልፈዋቸው በእግራቸው ተመለሱ፤ እኚያ እዚህ ተወልደው እዚህ ያረጁት ሰውዬ። አንቺ ብታልፊ አልፈርድብሽም። ያለ እሱ አገሩ ሌላ አገር ነው የሚመስለው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ቀኑን ጻፊልኝ። ነጩን የሥራ ጋውኔን ለብሼ ኮረብታውን እወጣለሁ፤ ጉቶው ላይ እቆማለሁ። ዝናብ ቢሆንም፣ አውቶቡሱ ቢዘገይም አልወርድም። በግራ በኩል ባለው መስኮት ተቀመጪ። ኮረብታው ላይ የቆመ ስታዪ ውረጂ።

ወንድምሽ


ሐምሌ 1

ማሙሽ፣

ፈቃዱ ተሰጠኝ። ሐምሌ 11 ቀን ነው የምሳፈረው፤ ከሰዓት በኋላ ላይ እደርሳለሁ።

መጎናጸፊያውን ይዣለሁ። ቢጫ ሊሆን ነበር፣ በሳሙና ቀቅዬ መለስኩት። በመጀመሪያ የሚታሰረው አንተ አንገት ላይ ነው። የኋላ ፀጉርህን እኔ እቆርጥልሃለሁ። አትሳቅ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት መቀስ ይዤ ነው፤ ባበላሸው ደግሞ በመስታወት እንዳታየው ወንበሩን አዙረኸዋል።

ስለ እናታችን እንደማንስማማ ዐውቃለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠን አንስማማ። በፖስታ አለመስማማት ሰልችቶኛል። ትራሷን ወደ መስኮቱ አዞርኳት ያልከውን ግን ይዤዋለሁ። ማን አጠገቧ እንደነበር እንጂ ወዴት እንደምታይ አስቤው አላውቅም ነበር።

ለስንት ቀን እንደምቆይ አትጠይቀኝ። እኔም አላውቅም። «አያ ቆሞ ሲወድቅ» ብዬ ዳግመኛ አልምልም፤ የምምልበት አልቀረልኝም፣ አፌም ከዚህ ወዲያ ይጠንቀቅ። ባልደረቦቼ «ወዴት ነሽ?» ሲሉኝ «ወንድሜ ዘንድ» አልኳቸው። አሁን አንተን ያውቁሃል። ስምህን ግን ማሙሽ ብዬ ስለነገርኳቸው የአሥር ዓመት ልጅ መስለሃቸዋል፤ አንዷ ከረሜላ ሰጥታኛለች፣ ይዤልህ እመጣለሁ።

ለረዳቱ አትስጋ። እሱ ባይጠራው እኔ እጠራዋለሁ። ከኮረብታው ማዶ ያለውን ኩርባ ስንታጠፍ ተነሥቼ፣ አውቶቡሱ እስኪደነግጥ «አያ ቆሞ፣ ወራጅ አለ!» እላለሁ። እንኳን ፌርማታውን፣ ባዶውንም ቦታ ዐውቀዋለሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ሳየው ነው የከረምኩት።

ጉቶው ላይ የመቆምህን ነገር ግን አልተቀበልኩትም። ዝናብ ነው፤ ጉልበትህም ከኔ ቢብስ እንጂ አይሻልም። አንድ ቆሞ የጠበቀኝ ነበር፤ ምን እንደደረሰበት አይተናል። አንተ ጃንጥላህንና በርጩማህን ይዘህ ፌርማታው ላይ ውጣ፤ ተቀምጠህ ጠብቀኝ።

እህትህ